የስሚዝ ቤት ደፍ

ቤድፎርድ፣ ቴክሳስ
ጥቅምት 4 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለጋሽ ወልደ ሥላሴ፤

ቤትዎ ሰላም፣ በሬዎ ጠንካራ፣ ጉልበትዎም የቤተ ክርስቲያኑን አቀበት የማይፈራ ሆኖ ይክረምልኝ። እኔ ልጅዎ ዓለምጌጥ በመጦሪያው ቤት ሽማግሌና አሮጊት ሳነሣ ሳስተኛ ወገቤን ቆረጠመኝ እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም፤ ተመስገን ነው።

የደብረ ማርቆሱ ሐኪም በጻፈልዎት ቁጥር መነጽሩን አሠርቼ ወደ አገር ለሚገባ ሰው ሰጥቼዋለሁ። ምናልባት ከዚህ ደብዳቤ ቀድሞ ይደርስ ይሆናል። የሠራው ልጅ ኢዩ ይባላል። ሥራው ይኸው ነው፤ መነጽር በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ መስታወት ሲሞርድ ይውላል። ልክፈልህ ብለው "ለሽማግሌ ነው፣ ምርቃታቸው ይበቃኛል" አለኝ።

የልጁን ነገር ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። ልጄን ልዩን ሊያገባ ይፈልጋል። እሷማ ከፈለገች ቆይታለች፤ የመጨረሻ ሰሚ እኔ ነኝ። ሪቻርድሰን ከተማ በአንድ የስልክ ኩባንያ ትሠራለች፣ የራሷን መኪና ትነዳለች፣ እኔን የምትጠይቀኝ ለወጉ ነው። አባቷ ኖላዊ ሱዳን ላይ ከቀረ ወዲህ ግን አባትም እናትም እኔው ነኝና ዝም ብዬ እልል አልልም። ልጁ ያገራችን ሰው ነው፣ ክርስቲያን ነው፣ ሰው አክባሪ ነው። የቀረን ቆጠራው ብቻ ነው። ከወገኖቻችን ሰባት ቤት በቃሉ የሚቆጥር ከእርስዎ ሌላ አልቀረምና እባክዎ ይቁጠሩልኝ። ከእርስዎ ቃል ሳይመጣ የሠርግ ቀን አልቆርጥም።

የእርስዎው ዓለምጌጥ አለማየሁ


ከደብረ ማርቆስ
ኅዳር 29 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዓለምጌጥ፤

እንደምን ከርመሻል? የተወለድሽበት ቀዬና ያባትሽ የአለማየሁ መቃብር ሰላም ብለውሻል። እኛ አለን። ጤፉ ዘንድሮ ደኅና ይዟል፣ እኔ አርጅቻለሁ፣ ሌላ አዲስ ነገር የለም።

መነጽሩ ደረሰ። መጀመሪያ ሳጠልቀው የልጄን የጋሹን ፊት አየሁና ደነገጥኩ፤ ለካ ሸብቷል! አንድም ሰው አልነገረኝም። ከዚያ ዳዊቴን ገለጥኩ። ስንት ዘመን በቃሌ ስደግም ኖሬ ሁለት ቦታ ላይ ስሳሳት እንደነበርኩ ያገኘሁት አሁን ነው። እግዜር ታግሶኛል ማለት ነው። እንግዲህ የሠራውን እጅ ይባርከው። ያ እጅ ቁርጥማት አይንካው፣ የያዘው ይባረክለት፣ የዘራው ይብቀልለት። አሜን በይ፣ ለሱም ንገሪው።

ስለ ልዩ የጻፍሽው ደስ አሰኝቶኛል። ያንቺንም የኖላዊንም ወገን አውቃለሁ። የልጁን ላኪልኝ፤ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እያልሽ እስከሚያውቀው ድረስ፣ አገሩንም ጭምር። ሳያውቁ ከዘመድ መግባት ዕዳው ለልጅ ልጅ ነው። ቶሎ ጻፊልኝ፣ አሁን ራሴ ነኝ የማነበው፣ የጋሹን አፍ አልጠብቅም።

አጎትሽ ወልደ ሥላሴ


ቤድፎርድ
የካቲት 5 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

በጤናና በዕድሜ ላይ ዕድሜ ይጨምርልዎ። ምርቃትዎን ለኢዩ ሳነብለት እጆቹን ዘርግቶ አሜን አለ።

የጠየቁኝ ቆጠራ ግን እንዳሰብኩት አልቀለለኝም። "የአባትህ ስም ማነው?" ብለው "ስሚዝ" አለኝ። "ይሄ የፈረንጅ ስም ነው፣ የወለደህን አባት ነው የጠየቅኩህ" አልኩት። "እሱም ስሚዝ ነው" ብሎ ሳቀብኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አባቱ ምናሴ የአሜሪካ ዜግነት ሲወስድ ስሚዝ የሚል ስም ያዘ፣ ልጁም በዚያው ተመዘገበ። እኛ ዘንድ ስም ከአባት ወደ ልጅ ሄዶ ይደክመዋል፤ እዚህ ግን አንዴ ከተነሣ አይቀመጥም። የልጅ ልጅ ልጅም ስሚዝ ነው፣ የምታገባውም ሴት ስሚዝ ትሆናለች። ልዩም ኖላዊን ትታ ስሚዝ ልትባል ነው። ይሄ አንጀቴን አልበላውም አልልዎትም።

በሳምንቱ ኢዩ በመስታወት የተለበጠ ትልቅ ወረቀት በስጦታ ይዞልኝ መጣ። እዚህ የገበያ አዳራሽ ውስጥ የስም ታሪክ የሚያትም ሱቅ አለ። ስምህን ስትነግረው ከኮምፒዩተር አውጥቶ፣ ከላዩ ጋሻና አንበሳ ስሎ ይሰጥሃል። እኔ ጋሻውን አይቼ የመኳንንት ዘር መስሎኝ ነበር። ምናሴ ግን "አይመኑት፣ ለውሻም ስም ጋሻ ይስልለታል" ብሎ አሳቀን። ልዩ እንዳነበበችልኝ ከሆነ እንግሊዞችም ድሮ እንደኛ ባንድ ስም ነበር የሚጠሩት። ዮሐንስ ሲበዛ ግብር ሰብሳቢው ተቸገረና ዮሐንስ የዊልያም ልጅ፣ ዮሐንስ ከጫካው ዳር፣ ዮሐንስ ባለ ወፍጮው እያለ ይለያቸው ጀመር። ስሚዝ ብረት ሠሪው ነው። በየመንደሩ አንድ ብረት ሠሪ ስለማይጠፋ ስሙ በየመንደሩ ተዘራ። ኋላ ልጆቹ መዶሻ ሳይነኩም ስሙ ብቻ ተጣብቆባቸው ቀረ።

እውነትም እዚህ ያልያዘው ሰው የለም። እኔ ከምጦራቸው መካከል ሁለት ወይዘሮ ስሚዝ አሉ፣ ክፍላቸው ጎን ለጎን ነው። አንዷ ነጭ ናት፣ ዘመዶቿ ከእንግሊዝ ይዘውት መጡ። ሌላዋ ጥቁር ናት። "የኛን ስም የሰጠን የገዛን ጌታ ነው፤ ነጻ ስንወጣ ሌላ ስም አልነበረንም" አለችኝ።

ምናሴን ቀርቤ ስጠይቀው አባቱ በየነ፣ አያቱ ማኑሄ ነው አለኝ። "ከዚያ ወዲያስ?" ብለው "የኛን ማን ቆጠረልን" አለ። አገሩ የኛው አገር ነው፣ ከገበያው በታች ወንዙን ተሻግሮ ነው አለኝ። ይህን ሲናገር ዓይን ዓይኔን ያይ ነበር። እኔ በልጅነቴ አዲስ አበባ ስለሄድኩ ማዶውን አላውቀውም፣ ያገሬ ሰው ሆነህ ተገኘህ ብዬ ደስ አለኝ። እርስዎ ያውቁታል ብዬ አምናለሁ።

ልጅዎ ዓለምጌጥ


ከደብረ ማርቆስ
ግንቦት 8 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለዓለምጌጥ አለማየሁ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። የዘገየሁት ጾም ነበር ብዬ እንዳልዋሽሽ ፋሲካ ካለፈ ቆይቷል። ብዕሩን አንሥቼ አስቀምጬዋለሁ።

ቆጠራውን ጠይቀሽኛልና ልንገርሽ። በሰባት ቤት አትገናኙም። በሰባ ቤትም አትገናኙም። እንዴት ትገናኛላችሁ? ለነሱ ልጁን የሰጠ፣ ከነሱም ልጅ የወሰደ ከኛ ወገን የለም። በየነ ማኑሄን አውቀዋለሁ። ያባትሽን ማረሻ የሠራ እሱ ነው፣ የኔንም። ገበያ ሲወርድ ከግራሩ ሥር ለብቻው ይቀመጥ ነበር፣ ዕቃውን መሬት ላይ ያስቀምጥልናል፣ እኛም እህሉን መሬት ላይ እናስቀምጥለታለን። ከእጅ ወደ እጅ አንሰጣጥም። ቀጥቃጭ ነው። ሌላውን ስማቸውን ልጽፈው አልፈልግም፣ ዓይናቸው ምን እንደሚያደርግ ከእናትሽ ሰምተሽ አድገሻል።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ይሄን ማን እንዳወጣው እንጃ። ባሕር ተሻግሮ፣ ጋሻ አስሎ፣ ፈረንጅ መስሎ ካለማየሁ ቤት ልጅ ሊወስድ! ማዶ የነበረ ሰው ማዶ ይኖራል።

እኔ ሩቅ ነኝ፣ እጄ አይደርስም፣ ቃሌ ግን ይደርሳል። ባባትሽ ባለማየሁ አጥንት ገዝቼሻለሁ። የዚያን ቤት ደፍ እንዳትረግጪ፣ ከእጃቸው እህል ውኃ እንዳትቀምሺ፣ ሠርጉ ላይ እንዳትቆሚ። ልጅሽን መልሺ። የማትመለስ ከሆነች ካለማየሁ ቆጠራ ወጥታለች።

ወልደ ሥላሴ


ቤድፎርድ
ሐምሌ 1 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። ቃልዎን ተቀብያለሁ። እንዳሉኝ አድርጌያለሁ።

ምናሴ ሽማግሌ ሲልክ "ልጄ አልደረሰችም" ብዬ መለስኳቸው። አንዱ ሽማግሌ "የሃያ አራት ዓመት ልጅ መቼ ልትደርስ ነው?" ብሎ ቡናውን ሳይጨርስ ተነሣ። በማግስቱ ምናሴ ብቻውን መጣ። እንዳይቀመጥ ወንበር አላቀረብኩለትም፤ እሱም አልጠበቀም፣ በሩ ላይ ቆሞ ተናገረ። አሁን ድረስ ከጆሮዬ ስላልወጣ እንዳለ ልጻፍልዎ።

"ደበቀን ማለታችሁን ሰማሁ፤ አልደበቅኩም። ሲትዝን ስሆን ሴትዮዋ 'ስምህን ቼንጅ ማድረግ ትፈልጋለህ?' አለችኝ። ሌላው ማይክል ይላል፣ ጆርጅ ይላል። እኔ ስሚዝ አልኩ። በምሠራበት ብየዳ ቤት ፎርማኔ ስሚዝ ነው፤ አያቱ ከጀርመን ሲመጡ ስማቸው ሽሚት ነበር፣ ያው ብረት ሠሪ ማለት ነው፣ እዚህ ሲደርሱ ወደ እንግሊዝኛ ገለበጡት። የፖላንዱም እንዲያ አድርጓል፣ የሃንጋሪውም። ታዲያ እኔስ? አባቴ በየነ ቀጥቃጭ ነበር፣ እኔም ገልብጬ ጻፍኩት። እናንተ ዘንድ ያ ቃል ሲጠራ ልጅ ይደበቃል። እዚህ በየፖስታ ሳጥኑ ላይ ተጽፏል፤ የስልክ መጽሐፉን ክፈቺው፣ ገጽ በገጽ ነው፣ ያፈረበት ሰው አላየሁም። ስሙን የቀየረ እኔ አይደለሁም፤ ስሜን በግልጽ የነገርኳችሁ እኔ ብቻ ነኝ።"

በሩን ዘጋሁ።

ልዩ ግን ከናካቴው ነገሩ አልገባትም። "ሶ ዋት? ቦሴ ስሚዝ ነው፣ ማለቴ እኛ ፍሎር ላይ ብቻ ስንት ስሚዝ አለ! አያቱ ብረት ሠራ፣ ኦኬ፣ ኢዩ ምን አደረገሽ?" ትለኛለች። ተገዝቻለሁ ብላት ግዝት ምን እንደሆነ አታውቅም። ታስሬያለሁ አልኳት። "ማን አሰረሽ? ሰውዬውን አይቼው እንኳ አላውቅም። ኖ የምትዪው አንቺ ነሽ፣ እማዬ" ብላኝ ልብሷን በሻንጣ ይዛ ወጣች።

ሠርጉ በሰኔ ፎርት ዎርዝ ሆነ። ከአዳራሹ መንገድ ማዶ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ተቀመጥኩ፤ ሠርጉ ላይ አልቆምኩም፣ ግዝቱን አላፈረስኩም። ነጭ ልብሷን ከሩቅ አየሁ። ባባቷ ፈንታ የያዛት ምናሴ ነው።

ይህንን ሁሉ ለጓደኛዬ ለታደለች አጫወትኳት። ሆዴ ሲብስ ለማን ልናገር?

ዓለምጌጥ


ከደብረ ማርቆስ
መስከረም 30 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓለምጌጥ፤

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረሽ። ያባትሽን አጥንት አክብረሻልና አጥንቱ ያክብርሽ። የልጅ ነገር ያማል፣ አውቃለሁ፣ ቀን ይሽረዋል።

የኛ ኑሮ እንደምታውቂው ነው። ማዶ ያለው መንደር ባዶ ሆኗል። የመጨረሻው ቀጥቃጭ፣ የበየነ ታናሽ ልጅ፣ ልጆቹን ይዞ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። ማረሻ ሲሰበር ጋሹ ተሸክሞ ከተማ ድረስ ይወርዳል፣ የከተማው ብረት ደግሞ ድንጋይ ሲነካ ይታጠፋል። የድሮው ይሻል ነበር።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የመነጽሬ ማጠፊያ ላልቶ በክር አስሬዋለሁ። በዚያው ቁጥር ሌላ ብትልኪልኝ። ያለሱ ዳዊቱ ጉም ይሆንብኛል።

አጎትሽ ወልደ ሥላሴ


ቤድፎርድ
የካቲት 20 ቀን 1990 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ወልደ ሥላሴ፤

ከዓመት በላይ ዝም ብያለሁ። መነጽሩንም አልላክሁም። ጤናዎን እመኛለሁ፣ እውነቴን ነው፣ ግን ሌላ ሰላምታ ከልቤ አልወጣ አለኝ።

ልዩ ሴት ልጅ ወልዳለች። ቃልኪዳን ትባላለች፤ ቃልኪዳን ስሚዝ። የሰማሁት ከታደለች ነው። እኔ ስንቱን ሰው አገላብጬ የማጥብ ሴት የልጅ ልጄን አላጠብኩም፣ ገንፎም አላገነፋሁም። ፍሪስኮ አዲስ ቤት ገዝተዋል። ከሥራ ስወጣ ያንን ሁሉ መንገድ ነድቼ በፊት ለፊቱ አልፋለሁ፣ የፖስታ ሳጥኑ ላይ ስሚዝ ይላል። አንድ ቀን ልዩ ሕፃኗን ታቅፋ ሣሩ ላይ ቆማ አየችኝ። እጇን አላነሣችም፣ ፊቷንም አላዞረችም። እኔም ነድቼ አለፍኩ።

ታደለች አፏ አያርፍምና ነገሩ ቤተ ክርስቲያን ገባ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ምናሴ በተራው ለማኅበሩ ያመጣው ዳቦ ሳይቆረስ በነሸፈኑ ተመለሰ። ማንም ክፉ አልተናገረውም፣ ሁሉም "ጠግቤያለሁ" ነው ያለው። እኔም ከመካከላቸው ነበርኩ፣ እኔም ጠግቤያለሁ አልኩ። ሽማግሌው ዳቦውን ደረቱ ላይ ይዞ ወደ መኪናው ሲሄድ ከኋላው አየሁት። ከዚያ ወዲህ ከነሱ ቤት ቤተ ክርስቲያን የመጣ የለም።

የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። "ይህ የቤተ ክርስቲያን ግዝት አይደለም፣ ልጅሽ ዘንድ ሂጂ" አሉኝ። እሳቸው ፈቱኝ፣ እኔ ግን አልተፈታሁም። ባባቴ አጥንት የገዘተኝ እርስዎ ነዎት፤ መፍታትም የእርስዎ ነው። እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ፣ ይፍቱኝ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ይህን ደብዳቤ በምን እያነበቡት ነው? ያንን መስታወት የሞረደው የበየነ የልጅ ልጅ ነው። ከእጁ ወደ ዓይንዎ ነው የገባው፣ መሬት ላይ እንኳ አላስቀመጠልዎትም። ያን እጅ ባርከውታል፣ "አሜን በይ" ብለውኛል፣ አሜን ብያለሁ። ማንነቱን ካወቁ በኋላም አላወለቁትም፣ ይባስ ብለው ሌላ ጨምሪልኝ አሉ። ለዓይንዎ የሆነ እጅ ለልጄ ምን ጎደለው? እኔን በሩን ዘግተውብኝ እርስዎ በመስኮቱ ያያሉ?

ተቆጥቻለሁ። ይቅርታ አልጠይቅም። ይፍቱኝ።

ዓለምጌጥ


ከደብረ ማርቆስ
ሰኔ 11 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለእት ዓለምጌጥ፤

ይህን የምጽፈው እኔ ጋሹ ነኝ፤ ቃሉ ግን ያባቴ ነው፣ እሱ ሲናገር እኔ እጽፋለሁ።

"ደብዳቤሽን እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። በዚያ መነጽር ያነበብኩት የመጨረሻው ነገር እሱ ነው። እውነት ተናግረሻል፣ ዓይኔን አስቀድሜ መግዘት ነበረብኝ። ይኸው መነጽሩን በጨርቅ ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ። ለባለቤቱ መልሺለት ወይም ጣዪው። እኔ ዳዊቴን በቃሌ አውቀዋለሁ። የተናገርኩትን ተናግሬያለሁ።"

እኔ ጋሹ ከዚህ በታች የራሴን ልጨምር፤ እሱ አያየውም። ለምኜው ነበር። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ብዬ ብቀልድበት ሦስት ቀን አላናገረኝም። አሁን ግድግዳ ይዞ ነው የሚሄደው። እግዜር ይርዳሽ።

ጋሹ ወልደ ሥላሴ


ከደብረ ማርቆስ
ታኅሣሥ 14 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለእት ዓለምጌጥ፤

እንደምን አለሽ? መርዶ በወረቀት መላክ ይከብዳል፣ ሌላ ግን መንገድ የለኝም። አባታችን ወልደ ሥላሴ አርፏል። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እርከኑን ሳያይ ወደ ገደሉ ተንሸራቶ ዳሌው ተሰበረ። ዘጠኝ ቀን ተኛ። በመጨረሻ ሐሳቡ እየተደባለቀበት "መነጽሬን አምጡልኝ፣ የት አደረጋችሁት?" ይል ነበር። የላከው መሆኑን ረስቶታል። እኛም አላስታወስነውም።

የምትጠብቂው ነገር ስላለ ልንገርሽ። ሊሞት ሲል ቄሱን አስጠርቶ የገዘተውን ሁሉ ፈታ። እንደምታውቂው ወጉ ነው፤ ሰው ያሰረውን ይዞ አይሄድም። በመሬት ወሰን የተጣላውን ፈታ፣ በሬያችንን የወጋውን በሬ ባለቤት ፈታ፣ አንቺንም በስም ጠርቶ "ዓለምን ፈትቻታለሁ" አለ። ስለ ልዩ ወይም ስለነዚያ ሰዎች ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔም አልጠየቅኩትም። እንግዲህ ነጻ ነሽ።

ወንድምሽ ጋሹ


ቤድፎርድ፣ ቴክሳስ
መጋቢት 17 ቀን 1991 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሹ፤

እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ነፍሱን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። ተለቅሷል። ተናድጄበት ስላለቀስኩ ለቅሶው ሁለት እጥፍ ሆነብኝ።

ደብዳቤህ በየካቲት ደረሰኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ መነጽሩንም በጨርቁ እንዳለ ይዤ፣ ለሥራ የለበስኩትን ሳላወልቅ ወደ ፍሪስኮ ነዳሁ። የፖስታ ሳጥኑ ላይ ስሚዝ የሚለው እንዳለ ነው። በሩን ሳንኳኳ አንዲት የማላውቃት ወጣት ሴት ከፈተችልኝ። ቤቱን እነሱ የገዙት በመስከረም ነው፣ ሳጥኑን ለመቀየር ጊዜ አላገኙም። የፊተኞቹ ወዴት እንደሄዱ አታውቅም። ፊቴን አይታ ደነገጠችና "ግቢ፣ ውኃ ልስጥሽ" አለችኝ። ገባሁ። ደፉን ረገጥኩት ጋሹ፣ ምንም አልሆንኩም። ውኃውንም ጠጣሁ።

ልዩ ሥራዋን ለቃለች፣ ኢዩም ለቋል። አንዱ ሂውስተን ናቸው ይላል፣ አንዱ ሲያትል። ታደለችን ጠየቅኳት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የምታውቀው ነገር ጠፋ። የምናሴ ስልክ ተቋርጧል። ካገራችን ሰው ጋር እንደማይገናኙ ግልጽ ነው፣ እኛ አይደለን ዳቦውን የመለስንበት።

አሁን የስልክ መጽሐፉን ነው የያዝኩት። ልዩ ኖላዊ ብትባል በቴክሳስ ምድር አንድ እሷ ብቻ ትገኝ ነበር። ስሚዝ ግን ምናሴ እንዳለው ነው፣ ገጽ በገጽ። ከሰው እንዳይለያቸው የመረጠላቸው ስም እውነትም ከሰው አይለያቸውም። ከሥራ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ እቀመጥና ከላይ ጀምሬ እደውላለሁ። የዳላስን ጨርሻለሁ፣ የሂውስተንን ከቤተ መጻሕፍት አስገልብጬ ጀምሬያለሁ። ሰዎቹ ደጎች ናቸው፣ ጥቂቶቹ ብቻ ይዘጉብኛል። "ልዩ የምትባል አለች?" እላለሁ። የለችም ይሉኛል። በሚቀጥለው ላይ ጣቴን አሳርፋለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ አነሣ። የሚያወራው ሰው ያጣ ነው መሰለኝ ቶሎ አልለቀቀኝም። የሱ ስሚዝ ከእንግሊዝ በአላባማ አድርጎ እንደመጣ ነገረኝና "የናንተ ስሚዝ ከየት የመጣ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ከጎጃም ነው አልኩት። ከገበያው በታች፣ ወንዙን ተሻግሮ። ቃልኪዳን የኢዩ ልጅ፣ ኢዩ የምናሴ፣ ምናሴ የበየነ፣ በየነ የማኑሄ፣ ብረት ሠሪዎች ናቸው አልኩት። ማኑሄ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም።

ስለዚህ አንድ ነገር ላስቸግርህ። ወንዙን ተሻገርና ጠይቅልኝ። ምናሴ ለወንድሙ አድራሻ ልኮ ይሆናል። ያም ባይሆን የማኑሄን አባትና አያት የሚያውቅ አንድ ሰው ካለ እየቆጠረ ያጽፍህ፤ የልጅ ልጄ ቆጠራ ግማሹ እዚያ ነው ያለው። ማዶው ባዶ ሆኗል ብሎ አባትህ ጽፎልኝ ነበር፣ አልረሳሁትም። ቢሆንም ተሻገርና እይልኝ።

እትህ ዓለምጌጥ